ከኋላ ረድፍ የሚሰማ ጊታር፦ የጂሚ ሄንድሪክስ «ዌስት ኮስት ሲያትል ቦይ» ስብስብ

«ዌስት ኮስት ሲያትል ቦይ» የአሜሪካዊውን የሮክ ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስን ሥራዎች በአራት ሲዲና በአንድ ዲቪዲ አሰባስቦ በአንድ ሳጥን የሚያቀርብ ስብስብ ነው። ለገበያ የቀረበው ሙዚቀኛው ባረፈ በ40ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ሲሆን፣ ያሳተሙትም ውርሱን የሚያስተዳድረው የቤተሰቡ ድርጅት ኤክስፒሪየንስ ሄንድሪክስና በሶኒ ሥር ያለው ሌጋሲ ናቸው። ሦስቱ ሲዲዎች ለንደን ገብቶ ስሙ ከታወቀ በኋላ የቀረጻቸውንና በአብዛኛው ቀደም ሲል ለሕዝብ ያልቀረቡ ቅጂዎችን ይዘዋል። እኔ ሳጥኑን የገዛሁት ከታተመ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያገለገሉ ሸክላዎችና ሲዲዎች ከሚሸጡበት አንድ የሲያትል ሱቅ ነው። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ደግሞ አንደኛው ሲዲ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በአንደኛው ሲዲ ላይ 15 ሥራዎች አሉ። በአንዳቸውም ላይ ጂሚ ዘፋኝ አይደለም፤ የዘፈኖቹ ባለቤቶች አይዝሊ ብራዘርስ፣ ዶን ኮቬይ፣ ሊትል ሪቻርድ፣ ኪንግ ከርቲስና ዛሬ እምብዛም የማይታወቁ ሌሎች ድምፃውያን ናቸው። እርሱ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ የባንዱን ዩኒፎርም ለብሶ፣ ከኋላ ረድፍ ቆሞ የሚጫወት አጃቢ ነው። የሮክን ጊታር የለወጠውን ሰው ለመስማት ሳጥኑን የከፈተ አድማጭ ይህን ሲዲ አንድ ጊዜ ሰምቶ ወደ ቦታው ቢመልሰው አይደንቀኝም። እኔ ግን በወጣትነቴ በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ለሦስት ዓመታት ሪትም ጊታር ተጫውቻለሁ፤ አጃቢ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚከለከልና በየትኛዋ ቀዳዳ ሾልኮ የራሱን ድምፅ እንደሚያሰማ ስለማውቅ ከሳጥኑ ውስጥ ደጋግሜ የማወጣው ይህንኑ ነው።

ሲዲው የሚጀምረው በ1964 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ለአድማጩ ይጠቅማል። ጂሚ በ1942 በሲያትል ተወልዶ ያደገው በዋነኛነት ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ነው፤ ዛሬ በቼሪና በጄፈርሰን መንገዶች የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተደርድረው የሚታዩበት፣ እኛም ቅዳሜና እሑድ እንጀራ ልንገዛ የምንመላለስበት ሰፈር ማለት ነው። የተማረበትና በ1960 ሳይጨርስ የተወው ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እዚያው 23ኛው ጎዳና ላይ ይገኛል። ከአባቱ ጋር የሰው ቤት ሲያጸዳ ከቆሻሻው መካከል ያገኘው አንድ ክር ብቻ የቀረው ኡኩሌሌ የመጀመሪያ መሣሪያው ሆነ፤ ቀጥሎ በ5 ዶላር የተገዛ ያገለገለ አኩስቲክ ጊታር ደረሰው፤ በ1959 ደግሞ አባቱ ሱፕሮ የተባለ ነጭ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ መያዝን የለመደው በዚያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያ መድረኩ በአንድ የአይሁድ ምኩራብ ምድር ቤት ውስጥ እንደነበርና አጨዋወቱን ከልክ በላይ በማሳየቱ በዕረፍት ሰዓት ከባንዱ እንደተሰናበተ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ከዚያ በኋላ ቬልቬቶንስ ከሚባል የሰፈር ባንድ ጋር፣ ቀጥሎም ከሮኪንግ ኪንግስ ጋር ተጫወተ። ሮኪንግ ኪንግስ በ1960 ሥራውን ካቀረበባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ዋሽንግተን ሆል ዛሬም 14ኛው ጎዳና ላይ ቆሟል፤ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። በርድላንድ በሚባለው የጭፈራ ቤት ከመድረኩ በስተጀርባ ትቶት የሄደው ሱፕሮ ጊታር ተሰረቀና በምትኩ ዳንኤሌክትሮ ያዘ። ባንዱ ሲፈርስ ከቀሩት ጥቂቶቹ ቶማስ ኤንድ ዘ ቶምካትስ በሚል ስም ቀጠሉ፤ ጂሚም አብሯቸው ነበር። በሲያትልና በታኮማ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ዳር የነበረው ስፓኒሽ ካስል የተባለው አዳራሽ የዚያን ዘመን ወጣቶች ሁሉ የሚመኙት መድረክ ስለነበር፣ ጂሚ በ1967 ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ ስሙን ለአንድ ዘፈኑ ርዕስ አድርጎታል።

የስብስቡን ትልቁን ጉድለት የማየው እዚህ ላይ ነው። ርዕሱ «የሲያትል ልጅ» እያለ በአራቱ ሲዲዎች ላይ የሲያትል ዘመን ድምፅ አንድም የለም። የሰፈር ልጆች ባንድ በ1959 ወደ ስቱዲዮ የሚገባበት ገንዘብ ስለማይኖረው ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም። ሆኖም ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ለቬልቬቶንስና ለሮኪንግ ኪንግስ፣ ለአዳራሾቹና ለሰፈሩ የሙዚቃ ሕይወት ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቶ ድምፁ የተወውን ክፍተት በጽሑፍ መሙላት ይችል ነበር። ያንን ባለማድረጉ አዝኛለሁ፤ የሲያትል ነዋሪ ስለሆንኩ ሐዘኔ ትንሽ ሳይበረታ አልቀረም።

ወጣቱን ከሲያትል ያወጣው ሙዚቃ አልነበረም። በተሰረቀ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ተይዞ ከእስርና ከውትድርና እንዲመርጥ በመገደዱ በሜይ 1961 ወደ ጦሩ ገባ፤ ኬንታኪ በሚገኘው በፎርት ካምቤል በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ተመደበ። በጦር ሰፈሩ ክበብ ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ በውጭ ያልፍ የነበረ ቢሊ ኮክስ የሚባል ወታደር በመስኮት ሰማው፤ ቤዝ ጊታር ተውሶ ገባና አብሮት መጫወት ጀመረ። ከጦሩ ከወጡ በኋላ ኪንግ ካዡዋልስ የተባለውን ባንድ ይዘው በናሽቪል ጄፈርሰን ጎዳና፣ በተለይም ዴል ሞሮኮ በሚባለው ክለብ ሠርተዋል። ከዚህ ባንድም የተረፈ ድምፅ በስብስቡ የለም፤ ግን የቢሊ ኮክስን ስም አንባቢው ይያዝልኝ፣ ወደ መጨረሻ እንገናኛለን። ጥቁር ሙዚቀኞች በደቡብና በምሥራቅ አሜሪካ ለጥቁር ታዳሚዎች የሚጫወቱባቸው የክለቦችና የቲያትር ቤቶች ሰንሰለት የጂሚ ትምህርት ቤት የሆነውም ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ነው። በ1964 መጀመሪያ ወደ ሃርለም ሄደ፤ በአፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ አይዝሊ ብራዘርስ ቀጠሩት።

ሲዲው የሚከፈተው በአይዝሊዎቹ «ቴስቲፋይ» ነው። በ1964 በሸክላ ሁለት ገጽ ተከፍሎ የወጣው ይህ ሥራ እንደ ጥቁር አሜሪካውያን የጸሎት ስብሰባ እየጋለ የሚሄድ፣ ወንድማማቾቹ የሌሎች ዝነኛ ዘፋኞችን ድምፅ እየቀዱ የሚጫወቱበት፣ ትንፋሹና ድራሙ ለአፍታ የማያርፍ ዘፈን ነው። ጊታሩ በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አጫጭር ምላሾችን እየሰጠ ይቆይና በድንገት ፊት ይወጣል። ሶሎው አጭር ነው፤ ወዲያውም ተመልሶ ወደ ኋላ ይገባል። በዚያች ጥቂት ጊዜ ግን ክሩን ሲጎትተውና ድምፁን ሲያስጨንቀው ስሰማ፣ የ21 ዓመቱ ልጅ ዕድሉ ደቂቃ እንኳ እንደማትሞላ አውቆ የተዘጋጀበት ሆኖ ይሰማኛል። ጂሚ በኒው ጀርሲ በሚገኘው የአይዝሊዎቹ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ጂሚ ሲለማመድ ያኔ ገና ልጅ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ኧርኒ ይመለከተው ነበር፤ ኧርኒ አይዝሊ በ1970ዎቹ ራሱ ስመ ጥር ጊታሪስት ሆኗል።

በዚያው ዓመት የወጣው የዶን ኮቬይ «መርሲ መርሲ» ፍጹም ተቃራኒ ነው። እዚህ ጊታሩ አይጮኽም። ዘፈኑን የሚከፍተው ለስለስ ያለ ሐረግ ሁለትና ሦስት ክሮችን አንድ ላይ እያነሣሣ፣ ዜማውንና ኮርዱን ባንድ እጅ የሚይዝ አጨዋወት ነው፤ ኢምፕሬሽንስ የተባለው ቡድን መሪ ከርቲስ ሜይፊልድ የታወቀበት ስልት ነው። ጂሚ ይህን ስልት ተምሮ የራሱ እንዳደረገው ለመረዳት በ1967 የተቀረጸውን «ሊትል ዊንግ» ከዚህ ቀጥሎ ማድመጥ ይበቃል። የቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤምጂስ ጊታሪስት ስቲቭ ክሮፐር ወጣቱ ሜምፊስ ድረስ ሊጠይቀው መጥቶ በዚህ ሸክላ ላይ የተጫወተው እርሱ መሆኑን ሲነግረው እንዴት እንደተደነቀ በኋላ ተናግሯል። ዘፈኑንም ጂሚ አልተወውም፤ ለንደን ከገባ በኋላ ከራሱ ባንድ ጋር በመድረክ ይጫወተው ነበር።

በ1965 በሎስ አንጀለስ የተቀረጸው የሮዛ ሊ ብሩክስ «ማይ ዳያሪ» ያንኑ የሜይፊልድ ስልት ይበልጥ በግልጽ ያሰማል። ደራሲው አርተር ሊ ሲሆን፣ በኋላ ላቭ የተባለውን ባንድ የመሠረተው ሙዚቀኛ ነው። ቀረጻው ደካማ ነው፤ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ የታፈነ ይመስላል፤ የጊታሩ መግቢያ ግን ያንን ሁሉ ያስረሳል። በሸክላው ጀርባ የነበረው «ዩቲ» ተራ የጭፈራ ዘፈን በመሆኑ ብዙ የሚያነጋግር ነገር የለውም።

ከሲዲው ሁሉ እኔን አስቁሞ የያዘኝ በ1965 የወጣው የሊትል ሪቻርድ «አይ ዶንት ኖው ዋት ዩ ጎት» ነው። የዘፈኑ ደራሲ ራሱ ዶን ኮቬይ ነው። ሊትል ሪቻርድን በጩኸቱና በፒያኖ ደብዳቢነቱ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሌላ ሰው ያገኛል፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ የተከዳ አፍቃሪ ሊያለቅስና ሊሰብክ የሚነሣበት የነፍስ ሙዚቃ ነው። ጊታሩ ከዘፋኙ ስንኝ ማብቂያ እስከሚቀጥለው ስንኝ መጀመሪያ ባለችው ክፍተት ብቻ ይገባል፤ ሁለት ሦስት ኖታ ጥሎ ዝም ይላል፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲያነሣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዘፋኙ ሲያንሾካሹክ ደግሞ በጣም ስስ ሆኖ ይቀርባል። አጃቢ የነበረ ሰው ይህ ከረጅም ሶሎ የሚከብድ ሙያ መሆኑን ያውቃል። በቡድናችን ውስጥ የነበረን የሙዚቃ አሠልጣኝ «ዘፋኙ ሲተነፍስ ተናገር፣ ሲናገር ተንፍስ» ይለን ነበር፤ ይህን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር አባባሉ ትዝ ይለኛል። ጂሚ በኋላ በራሱ ዘፈኖች ላይ ጊታሩን እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ እያናገረ ድምፁን የሚያጅበው እንዲህ ባሉ ቀረጻዎች ለሌሎች ሲታዘዝ የተማረውን ይዞ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመድረክ ላይ ግን ሁለቱ አልተስማሙም። ጂሚ በኋላ እንደተረከው፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ጌጠኛ ሸሚዝ ለብሶ በመውጣቱ ማማር የተፈቀደለት ሊትል ሪቻርድ ብቻ መሆኑ ተነግሮት እንዲያወልቅ ተደርጓል። ሰዓት አለማክበሩም ሲጨመር በ1965 አጋማሽ ከባንዱ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ወደ አይዝሊዎቹ ተመልሶ «ሙቭ ኦቨር ኤንድ ሌት ሚ ዳንስ» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጽ ጊታሩ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ደፍሮ ይሰማል፤ ሁለቱን የአይዝሊ ሥራዎች አከታትሎ የሰማ ሰው የአንድ ዓመት መንገድ ምን እንዳስተማረው በጆሮው ይለካዋል። በሁለቱ መካከል ሌሎች ዘፋኞች መደርደራቸው የሲዲው ቅደም ተከተል ጥሩ ጎን ነው፤ የአንድን ተቀጣሪ ከባንድ ወደ ባንድ መዞር ያሳያል።

የሬይ ሻርፕ «ሄልፕ ሚ» እና በሲዲው መጨረሻ ያለው የኪንግ ከርቲስ «ኢንስታንት ግሩቭ» ለብቻቸው ሊጠቀሱ ይገባል። በመጀመሪያ ስሰማቸው የሆነ ነገር አምታታኝ፤ ደጋግሜ ስሰማ ነው አጃቢው ሙዚቃ አንድ መሆኑን ያስተዋልኩት። በጃንዋሪ 1966 በኪንግ ከርቲስ ባንድ የተቀረጸው ሙዚቃ መጀመሪያ ለሬይ ሻርፕ ዘፈን ዋለ፤ በ1969 ደግሞ ያው ቴፕ ተነሥቶ በላዩ የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን ተጨመረበት። አጃቢው ተከፍሎት ከሄደ በኋላ ሥራው የሰው ንብረት ሆኖ እንደሚቀር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ በ1969 ያ ጊታሪስት በዓለም ላይ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙት የሮክ ሙዚቀኞች አንዱ ሆኖ ነበር። የአይስመን፣ የጂሚ ኖርማን፣ የቢሊ ላሞንትና የፍራንክ ሃዋርድ ሥራዎች ለጆሮ የሚስማሙ ናቸው፤ ጊታሩን ነጥሎ ለሚከታተል ግን ጥቂት ነገር ብቻ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከርቲስ ናይት ኤንድ ዘ ስክዋየርስ ከተባለው የኒው ዮርክ ባንድ ጋር የተቀረጹት ሥራዎች በሳጥኑ አለመኖራቸው ነው። ጂሚ በኦክቶበር 1965 ከዚህ ባንድ ጋር መሥራት ሲጀምር ኤድ ቻልፒን ከተባለ አዘጋጅ ጋር 1 ዶላርና 1 በመቶ የሽያጭ ድርሻ የሚያስገኝለትን የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ያ አንድ ገጽ ወረቀት ዝና ካገኘ በኋላ ለዓመታት ፍርድ ቤት ያንከራተተው ሲሆን፣ በ1970 የወጣው «ባንድ ኦፍ ጂፕሲስ» አልበም ለሌላ ኩባንያ የተሰጠውም ክርክሩን ለመዝጋት ነበር። ቅጂዎቹ በቤተሰቡ ድርጅት በኩል ተጣርተው መውጣት የጀመሩት በ2015 በመሆኑ በ2010 ሳጥን ውስጥ መጥፋታቸው ይገባኛል። ገዢው ግን ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጂሚ በትንሽ ባንድ ውስጥ ዋና ጊታሪስት ሆኖ የተጫወተበት ጊዜ ከዚህ ስብስብ ተዘሏል። ስለዚህ ሲዲው ከአጃቢነት ወደ ራሱ ድምፅ የተሻገረበትን ድልድይ አያሳይም። በ1966 በጋ በግሪንዊች ቪሌጅ ካፌ ዋ ውስጥ የራሱን ባንድ እየመራ ሲጫወት አኒማልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ቤዚስት የነበረው ቻስ ቻንድለር አግኝቶት በሴፕቴምበር ወደ ለንደን ይዞት ሄደ፤ ሁለተኛው ሲዲ ሲጀምር አድማጩ ቀድሞውኑ ለንደን ነው።

ስለ ቀሩት ሦስት ሲዲዎች ባጭሩ ልናገር። የታወቁ ዘፈኖች የተለዩ ቅጂዎች የሚበዙባቸው በመሆናቸው አልበሞቹን አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው ጥሩ መግቢያ አይደሉም። እኔን የማረኩኝ ብቻውን በክፍሉ ሆኖ የቀረጻቸው ናቸው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም እንደማይሰማው ሆኖ ይጫወታል። በአራተኛው ሲዲ ላይ ከአርተር ሊና ከላቭ ባንድ ጋር በ1970 የተጫወተው «ኤቨርላስቲንግ ፈርስት» ስላለ፣ በአንደኛው ሲዲ «ማይ ዳያሪ» ላይ የተጀመረው ትውውቅ እዚህ ተመልሶ ይመጣል። አብሮ የሚመጣውን ዲቪዲ ያዘጋጀው ቦብ ስሚተን ሲሆን፣ የጂሚን ቃላት የሚያነበው ቤዚስቱ ቡትሲ ኮሊንስ ነው። ከጦር ሰፈርና ከጉዞ ላይ ለአባቱ የላካቸው ደብዳቤዎችና ፖስታ ካርዶች ሲነበቡ አንደኛው ሲዲ ትርጉም ያገኛል፤ ስለዚህ ዲቪዲውን አስቀድሞ አይቶ ሙዚቃውን ቀጥሎ ማድመጥን እመክራለሁ።

የድምፁን ጥራት በተመለከተ፣ የአንደኛው ሲዲ ቅጂዎች የተለያዩ ትናንሽ ኩባንያዎች በተለያየ መሣሪያ የቀረጹአቸው ስለሆኑ አንዱ ጎልቶ ሌላው ደብዝዞ ይሰማል። የጊታሩን ድርሻ ከትንፋሹና ከዘፋኙ ለመለየት በጆሮ ማዳመጫ መስማት ያስፈልጋል፤ በመኪና ውስጥ ሞክሬው ግማሹ ጠፍቶብኛል። ስብስቡ በሸክላም ታትሟል። በአንድ ሲዲ ብቻ የተዘጋጀ አጭር እትምም ስላለ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ፈልጎ የሚገዛ ሰው በእጁ ያለው ባለ አራት ሲዲው መሆኑን ከመክፈሉ በፊት ያረጋግጥ። የጂሚ ሄንድሪክስ አንድም አልበም ለሌለው ሰው ይህን ሳጥን አስቀድሞ እንዲገዛ አልመክርም። ጊታር ለሚማር ወጣት፣ በተለይም በሠርግ ቤትና በምሽት ክለብ ሌላውን እያጀበ ለሚኖር ሙዚቀኛ ግን አንደኛው ሲዲ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል።

በአራተኛው ሲዲ ላይ ቤዝ የሚጫወተው በአብዛኛው ቢሊ ኮክስ ነው፤ በፎርት ካምቤል በመስኮት የሰማውና በናሽቪል ከኪንግ ካዡዋልስ ጋር አብሮት የደከመው ያው ሰው። ጂሚ ከዓለም የፈለገውን ቤዚስት መምረጥ በሚችልበት በ1969 ያስጠራው እርሱን ነበር። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ቤዙ አይሽቀዳደምም፤ አንዲት ሐረግ ይዞ ይቆማል፣ ጊታሩም እስከ ፈለገበት ርቆ ይሄዳል፤ ሲመለስ ቢሊ ኮክስ የተወው ቦታ ላይ ይጠብቀዋል።